«ምን ጎደለህ?»፦ የድባቴ ሕመምና የሰንሻይን ዌስት ቤቶች

በዕለት ተዕለት አማርኛ «ደበረኝ» ቀላል ቃል ነው። ስብሰባ የረዘመበት ሰው ይደብረዋል፤ ሰማዩ ሲዳምን ቀኑ ይደብራል፤ ጨዋታው ያልጣመው ወጣት «ይደብራል» ብሎ ተነሥቶ ይሄዳል። ከዚያው ሥር የወጣው «ድብርት» ግን የአንድ ከባድ ሕመም ስምም ነው። ብዙ የጤና ባለሙያዎች ዛሬ «ድባቴ» የሚለውን ቃል መርጠው መጠቀማቸው ሕመሙን ከመሰልቸት ለመለየት ይረዳል። ይሁን እንጂ ቃሉ ከሐኪም ክፍልና ከራዲዮ ማይክራፎን አልፎ ቡና ወደሚፈላበት ሳሎን ገና በሚገባ አልዘለቀም።

መምታታቱ ዋጋ ያስከፍላል። ታማሚው ለሚስቱ «ደብሮኛል» ሲላት «ሰልችቶኛል» ያላት ይመስላትና «እስቲ ወጣ በል፣ ከሰው ተጫወት» ትለዋለች። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ሰውየው ግን ከአልጋው ወርዶ ገላውን መታጠብ እንኳ የከበደው ሊሆን ይችላል። ያው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ደግሞ የሚናገረው ስለ ራስ ምታቱና ስለ ጨጓራው ነው። የራስ ምታት መድኃኒት ታዞለት ይመለሳል። ሕመሙ ከሁለቱም ንግግር ሳይገኝ ይቀራል።

ሰንሻይን ዌስት ከሜልበርን መሐል ከተማ በስተምዕራብ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በብሪምባንክ ማዘጋጃ ቤት ሥር የምትገኝ የሠራተኛ ሰፈር ናት። በቪክቶሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከፉትስክሬይ ጀምሮ በብሬይብሩክ፣ በሰንሻይንና በሴንት አልባንስ በኩል ወደ ምዕራብ በተዘረጉ ሰፈሮች ኑሮ መሥርተዋል። ብዙዎቹ በመጋዘን፣ በአረጋውያን እንክብካቤና በማሽከርከር ሥራ ላይ ተሰማርተው ሌሊቱን ቀን፣ ቀኑን ሌሊት ያደርጋሉ። በሜልበርንና በአዲስ አበባ መካከል እንደ ወቅቱ የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። ስለዚህ አገር ቤት ያለው ዘመድ አምሽቶ ሲደውል በሰንሻይን ዌስት ሌሊቱ ሊነጋጋ ነው። ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት፣ ከነሐሴ 2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ሳቢያ፣ ስልክ ሲጠራ የሚደነግጥ፣ ስልክ ሲቋረጥም የሚደነግጥ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም።

ሕመሙ ራሱ

ሐኪሞች ድባቴ ሲሉ የአንድና የሁለት ቀን መከፋት ማለታቸው አይደለም። በሰፊው የሚሠራበት የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ዘጠኝ ምልክቶችን ያስቀምጣል። ከእነዚህ ቢያንስ አምስቱ ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ማለት በሚቻል ሁኔታ፣ መታየት አለባቸው። ከአምስቱ አንዱ ደግሞ የግድ የተጫጫነ ስሜት ወይም ቀድሞ ያስደስት በነበረ ነገር መደሰት አለመቻል መሆን ይኖርበታል። የቀሩት የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎትና የክብደት ለውጥ፣ የሰውነት መዛል፣ የእንቅስቃሴ መንቀርፈፍ ወይም መቁነጥነጥ፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን እንደማይረባ መቁጠር ወይም ያለ በቂ ምክንያት በጸጸት መቃጠል፣ እንዲሁም ስለ ሞት ወይም ራስን ስለ ማጥፋት ደጋግሞ ማሰብ ናቸው። ምልክቶቹ የሰውየውን ሥራ፣ ቤተሰብ ወይም ማኅበራዊ ኑሮ እስኪያናጉ ሲደርሱ ሐኪሙ ሕመም ይላቸዋል።

ከዘጠኙ ለቤተሰብ ግራ የሚያጋባው ያ መደሰት አለመቻል ነው። ቡናው ሲቆላ ለታማሚው ይሸተዋል፤ መዓዛው ደስ የሚል መሆኑንም አይረሳም፤ ግን ወደ ውስጡ የሚገባ ነገር የለም። ልጁ ከትምህርት ቤት ሽልማት ይዞ ሲመጣ መደሰት እንደሚገባው ያውቃል፤ ደስታው ግን አይመጣም። ወዲያው ጸጸት ይደረብበታል፦ «በልጄ የማልደሰት ምን ዓይነት አባት ነኝ?» እንባ ላይኖር ይችላል። ብዙ ታማሚዎች «ከፋኝ» ከማለት ይልቅ «ባዶ ሆንኩ»፣ «ደነዘዝኩ» ይላሉ። እንቅልፍም በራሱ መንገድ ይታወካል፤ ጎሕ ሳይቀድ ነቅቶ ጣሪያ እያዩ የሕይወትን ስሕተት ሁሉ መቁጠር ከተለመዱት የሕመሙ ገጽታዎች አንዱ ነው።

አማርኛ የውስጥን ሥቃይ በአካል ክፍል የሚናገር ቋንቋ መሆኑም ነገሩን ያወሳስበዋል። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ባር ባር ይላል፣ ልብ ይሰበራል፣ አንጀት ያርራል። አማርኛ ለሚሰማ ጆሮ ይህ ሁሉ ግልጽ ነው። በስልክ መስመር የገባ አስተርጓሚ ግን «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» የሚለውን ቃል በቃል ካስተላለፈው፣ ሐኪሙ ስለ ምግብ መፈጨት መጠየቅ ይጀምራል። ይህ የኢትዮጵያውያን ብቻ ችግር አይደለም። የዚምባብዌ ሾናዎች ለዚሁ ስቃይ የሚጠቀሙበት ቃል «ኩፉንጊሲሳ» ትርጉሙ «ከመጠን በላይ ማሰብ» ነው፤ በእኛም አገር «ሐሳብ አበዛ» እንደሚባለው ማለት ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 በሐራሬ የጀመሩት የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር የተባለው አገልግሎት የተነሣው ከዚያ የሕዝብ ቃል ነው። ሠልጥነው በጤና ጣቢያ ደጅ የሚቀመጡት አሮጊቶች ታማሚውን በራሱ ቋንቋ ጠይቀው ያዳምጡታል። በ2016 የታተመው የአገልግሎቱ ጥናትም ታማሚዎች በግልጽ እንደተሻላቸው አሳይቷል።

የድባቴ መንስኤ አንድ ብቻ አይደለም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት፣ በልጅነት የደረሰ በደል፣ ሞትና መለያየት፣ ስደት፣ የገንዘብ ጭንቀት፣ ሥር የሰደደ በሽታ፣ ወሊድ፣ መጠጥ፣ እነዚህ ሁሉ በተለያየ መጠን ይገቡበታል። ግልጽ ምክንያት ሳይኖረው የሚመጣበት ጊዜም አለ፤ «ምን ሆነህ ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያጣው ያን ጊዜ ነው። የእንቅርት እጢ ሥራ መቀነስና የደም ማነስ ድባቴን የሚመስል ድካም ሊያስከትሉ ስለሚችሉ፣ ጠንቃቃ ሐኪም በመጀመሪያ የደም ምርመራ ያዛል። በሜልበርን ክረምት ጥቁር ቆዳ ባላቸውና ሰውነታቸውን በሚሸፍኑ ሰዎች ዘንድ የቫይታሚን ዲ ማነስ የተለመደ በመሆኑ እሱም አብሮ ይታያል።

ለቅሶ ያለው ሐዘን፣ ለቅሶ የሌለው ሕመም

ዘመድ ሲሞት ማኅበረሰቡ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠንቅቆ ያውቃል። መርዶው በወጉ ይነገራል፤ እድሩ ይሰበሰባል፤ በሜልበርንም ሳሎኑ ወይም ጋራዡ ወንበር ይደረደርበታል፤ ሴቶች ምግብ ሠርተው ይመጣሉ፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር ሰው አጠገቡ ይተኛል። ማንም «ለምን ታለቅሳለህ?» አይለውም። ሥርዓቱ ለዘመናት የተፈተነ፣ በዘመናዊው የምክር አገልግሎት ቋንቋም ቢመዘን የሚያስመሰግን ነው።

ድባቴ መርዶ የለውም። ስለዚህ ወንበር የሚደረድርለት አይገኝም። ሐዘንና ድባቴ በውስጥም ይለያያሉ፦ ሐዘን እንደ ማዕበል እየመጣ ይመለሳል፤ በመሐሉ የሟቹ ቀልድ ተነሥቶ ይሳቃል፤ ሐዘንተኛው የጎደለው ወዳጁ እንጂ የራሱ ዋጋ አይደለም። በድባቴ ግን ጫናው ያለ ፋታ ይቆያል፣ ታማሚውም ራሱን ይጠላል። ሁለቱ የሚገናኙበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ሐዘኑ ወግ ሲያጣ። ሜልበርን በኮቪድ ዘመን በድምሩ 262 ቀናት ተዘግታ ነበር። በቀብር ላይ 10 ሰው ብቻ እንዲገኝ የተፈቀደባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ እናቱን አገር ቤት የቀበረውም ቀብሯን በስልክ መስኮት አየ። ያልተለቀሰ ለቅሶ የት እንደሚሄድ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤቶች አይተዋል።

«ምን ጎደለህ?»

ታማሚው ከሚሰማቸው ቃላት ሁሉ ይህ ሳይበዛበት አይቀርም። ቤት አለህ፣ መኪና አለህ፣ ልጆችህ ይማራሉ፣ አገር ሰላም ነው፤ ምን ጎደለህ? ጥያቄው የሚነሣው ጉድለትን በሚቆጠር ነገር ከመለካት ነው። ሰንሻይን ራሷ ለዚህ ታሪክ አላት፤ በ1907 ዳኛ ሂጊንስ እዚያ በነበረው የማኬይ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ጉዳይ ላይ ሲፈርዱ፣ አንድ ሠራተኛ ቤተሰቡን ይዞ ለመኖር የሚያስፈልገውን የቤት ኪራይ፣ የምግብና የልብስ ወጪ አስልተው በቀን 7 ሽልንግ ብለው ነበር። ለደመወዝ የሚሆን ስሌት ለሕመም አይሆንም። የስኳር በሽተኛን «ቤትህ ይህን ያህል አምሮ ለምን ስኳርህ ከፍ አለ?» የሚለው የለም።

ጥያቄው በተለይ ስደተኛውን አፉን ያስይዘዋል። ገንዘብ የሚልክላቸው ወንድሞቹና እህቶቹ ከእሱ የባሰ ችግር ላይ ናቸው፤ በሱዳን ወይም በኬንያ መጠለያ አብረውት የነበሩት ገና አልወጡም። «እኔ ምን አለኝና አማርራለሁ?» ይላል። ይሉኝታው አሁን ራሱን የሚከስበት ማስረጃ ይሆናል። ያ ራስን መክሰስ ደግሞ ከዘጠኙ ምልክቶች አንዱ መሆኑን የሚነግረው ካላገኘ፣ ሕመሙን ባሕርዩ አድርጎ ይቀበለዋል።

ሁለተኛው የተሳሳተ ግምት «ትናንት ሲስቅ አይተነዋል» የሚለው ነው። ድባቴ ያለበት ሰው ሠርግ ላይ እስክስታ ሊወርድ ይችላል። ሥራ ውሎ፣ ልጆቹን አድርሶ፣ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሶ ሊመለስ ይችላል፤ ከዚያ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ከሰው ፊት ደኅና መምሰል ራሱ ከባድ ሥራ ነው፤ ቤት ሲገባ የቀረው ጉልበት ለቁጣ ብቻ ይበቃል። በወንዶች ላይ ሕመሙ በሐዘን ፈንታ በብስጭት፣ በመጠጥና ሥራ በማብዛት መልክ ስለሚታይ «ጠባዩ ተበላሸ» ይባላል። ለሁለት ፈረቃ የሚሠራ ሰው በማኅበረሰቡ ዘንድ ይመሰገናል እንጂ ለምን ቤቱ መግባት እንደፈራ አይጠየቅም።

እናቶች ዘንድ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በአገር ቤት አራስ ብቻዋን አትውልም፤ ጎረቤት ገንፎ ያገነፋል፣ እናት ወይም እኅት ሕፃኑን ታጥባለች፤ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ቤቱ ሰው አያጣም። በሰንሻይን ዌስት ያች እናት ባሏ ሥራ ሲሄድ አራት ግድግዳ ውስጥ ትቀራለች። በአውስትራሊያ ከአምስት እናቶች አንዷ ያህል በእርግዝና ወይም ከወሊድ በኋላ ጭንቀት ወይም ድባቴ ይገጥማታል። የእናቶችና ሕፃናት ጤና ነርሶች ለክትትል ሲመጡ አሥር ጥያቄ ያለበት የኤደንብራ መጠይቅ የሚያቀርቡት ለዚህ ነው። «ልጅሽን አትወጂውም ወይ?» ለማለት አይደለም፤ መልሱም ልጅ ለማስወሰድ አይጠየቅም። ይህ ፍርሃት በብዙ እናቶች ዘንድ ስላለ መልሳቸው ሁልጊዜ «ደኅና ነኝ» ይሆናል።

ሦስተኛው ዝምታውን የሚያጠብቀው ስም ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለ ነበር፣ «አማኑኤል ገባ» ማለት «አበደ» ማለት ሆኖ ቀረ። ሜልበርን ላይ «ሳይኮሎጂስት ጋ ይሄዳል» ሲባል ብዙ ጆሮ የሚሰማው ያንኑ ነው። በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ቤተሰቦች ላይ ተካሂዶ በ2001 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከተጠየቁት ዘመዶች ሦስት አራተኛ ያህሉ በሰው ዘንድ መገለል እንደሚደርስባቸው ተናግረዋል። ሴት ልጅ ለመዳር፣ ወንድ ልጅ ለማጋባት «ዘሩ ላይ አለ» መባል ያስፈራል። ገመናን መሸፈን ቤተሰብን የመጠበቂያ መንገድ ነው፤ ሕክምናንም አብሮ ይሸፍናል።

ጠበሉና እንክብሉ

«ጸልይ» የሚለው ምክር ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይሻል፤ ለብዙ ታማሚዎች ጸሎት እውነተኛ መጠጊያ ነውና። ጉዳቱ የሚጀምረው ጸሎቱ በሕክምና ፈንታ ሲሆን፣ ወይም አለመዳኑ የእምነት ማነስ ማስረጃ ሆኖ ሲቆጠር ነው። ሕመሙ ራሱ የመጸለይ ፍላጎትንም ሊወስድ ይችላል፤ ቅዳሴ ቆሞ ምንም ያልተሰማው ምዕመን እግዚአብሔር ትቶኛል ብሎ ይደመድማል። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ባደረጉት፣ በ1999 በታተመ ጥናት፣ የገጠሩ ሕዝብ ለአካል ሕመም ወደ ጤና ጣቢያ፣ ለአእምሮ ሕመም ግን ወደ ጠበልና ወደ ባህላዊ መፍትሔ ማዘንበሉን አሳይተዋል።

ሁለቱ እንዲቃረኑ የሚያስገድድ ነገር ግን የለም። በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ባስተማሩ ጊዜ በእንጦጦ መድኃኒታቸውን የጣሉ ብዙ ሰዎች የሚሰሙት የቤተ ክርስቲያን ቃል አገኙ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችም በጠበል ስፍራ ከካህናት ጋር ተባብረው ታማሚዎችን ያከሙበትን ልምድ በ2021 አሳትመዋል። በሜልበርን የሚኖር ምዕመን መድኃኒት በጾም ሰዓት መውሰድ ካስጨነቀው የንስሐ አባቱን መጠየቅ ይችላል፤ ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀል የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያውቃል። መድኃኒቱን በጾም ምክንያት በድንገት ማቆም ግን ማዞር፣ መረበሽና የሕመሙን መመለስ ሊያስከትል ይችላል።

ከሐኪም የሚገኘው

ቀላል ድባቴ ሲሆን ንግግር ላይ የተመሠረተ ሕክምና ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ መካከለኛና ከባድ ሲሆን መድኃኒት ይጨመራል። የንግግር ሕክምና «ማውራት» ብቻ ሳይሆን የተወሰነ መንገድ ያለው ሥራ ነው፤ ሳይኮሎጂስቱ ታማሚው ራሱን የሚከስበትን ሐሳብ ከማስረጃ ጋር እንዲመዝን፣ ፍላጎቱ እስኪመጣ ሳይጠብቅ ትንንሽ ሥራዎችን እንዲጀምር ያደርገዋል። ይህ ለፈረንጅ ብቻ የተሠራ ነው የሚል ካለ የኡጋንዳን ምሳሌ ቢያይ ይበጀዋል። በ2003 በታተመ ጥናት፣ በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ 30 መንደሮች ውስጥ፣ መጠነኛ ሥልጠና ያገኙ የአካባቢው ሰዎች ለ16 ሳምንታት የመሯቸው የውይይት ቡድኖች የድባቴ ምልክት የሚታይባቸውን ቁጥር ወደ 6.5 በመቶ ዝቅ አድርገዋል፤ ሕክምናውን ባላገኙት መንደሮች ግን 54.7 በመቶ ነበር።

የድባቴ መድኃኒቶች እንደ ራስ ምታት እንክብል ወዲያው አይሠሩም። ለውጡ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣሉ። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥላቸው በዚህ መሐል ነው። እንደ መጠጥ ሱስ አያሲዙም፤ ቢሆንም ሲቆሙ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ መሆን አለበት፤ ከተሻለም በኋላ ቢያንስ ለስድስት ወር መቀጠል ይመከራል። ከ25 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊጨምርባቸው ስለሚችል ቅርብ ክትትል ያስፈልጋቸዋል።

ችግሩ ሐኪም ዘንድ መድረሱ ነው። በካናዳ ቶሮንቶ ሃይሌ ፈንታና ባልደረቦቻቸው ባደረጉት፣ በ2004 በታተመ ጥናት፣ ከተጠየቁት 342 ኢትዮጵያውያን ስደተኞች 9.8 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ድባቴ አጋጥሟቸው ነበር፤ በመጠለያ ጣቢያ መቆየት፣ ከስደት በፊት የደረሰ ሥቃይና ከደረሱ በኋላ የገጠመ ችግር ተጋላጭነቱን ከፍ አድርገዋል። በቀጣዩ ጥናታቸው የአእምሮ ሕመም ከነበረባቸው ውስጥ ለዚያ ሕመም መደበኛ ሕክምና ያገኙት 12.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከጠቅላላው ማኅበረሰብ ግን አብዛኛው በዚያው ዓመት ሐኪም አይቶ ነበር። የሐኪሙን ክፍል በር አልፈው ገብተዋል፤ ነገሩን ግን አልነገሩትም፣ እሱም አልጠየቀም።

ከሰንሻይን ዌስት ሲነሡ መንገዱ የሚጀምረው ከቤተሰብ ሐኪም፣ በልማድ ጂፒ ከሚባለው ነው። ቀጠሮ ሲያዝ ረዘም ያለ ጊዜ መጠየቅ ያሻል፤ በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ሐኪሙ ያለፉትን አራት ሳምንታት የሚመለከት አሥር ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል፤ ይህ መጠይቅ በአማርኛ ተተርጉሞ በአዲስ አበባ ወላድ እናቶች ላይ ተፈትኗል። ከዚያ የአእምሮ ጤና ሕክምና ዕቅድ ያዘጋጃል። በዚህ ዕቅድ ሜዲኬር በዓመት እስከ 10 ለሚደርስ የሳይኮሎጂስት ቀጠሮ የክፍያውን የተወሰነ ክፍል ይመልሳል። ቀሪውን ከኪስ የሚያስከፍሉ አሉ፤ ልዩነቱ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሰፊ ስለሆነ ቀጠሮ ሲያዝ ዋጋውን መጠየቅ ነውር የለውም።

በቋንቋ ረገድ የቤተሰብ ሐኪሞች የመንግሥቱን የትርጉም አገልግሎት በነፃ መጠቀም ይችላሉ፤ ታካሚው «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መናገር ነው የሚጠበቅበት። «አስተርጓሚው የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆኖ ቢያውቀኝስ?» የሚለው ስጋት በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ተገቢ ነው። አስተርጓሚዎች ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው፤ ከዚያም በላይ በስልክ የሚሠራ፣ ከሌላ ክፍለ ግዛት የሆነ፣ ወንድ ወይም ሴት የሆነ አስተርጓሚ መጠየቅ፣ ስምንም እንዳይነገር ማድረግ ይቻላል። ልጅን ማስተርጎም ግን ከሁሉ የከፋ አማራጭ ነው፤ አባቱ መኖር እንደታከተው ልጁ በራሱ አፍ ለሐኪሙ እንዲናገር ማድረግ ለሁለቱም ይከብዳል። ሐኪሙ የሰማውን ያለ ታካሚው ፈቃድ ለአሠሪም ሆነ ለሴንተርሊንክ ወይም ለዘመድ አይሰጥም፤ እንደ የሕይወት አደጋ ባለ ልዩ ሁኔታ ግን ይህ ሊለወጥ ይችላል።

ከሐኪም ውጭም በሮች አሉ። የቪክቶሪያ የአእምሮ ጤና ሥርዓትን የመረመረው ንጉሣዊ ኮሚሽን በ2021 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ሥርዓቱ ሕዝቡን እንዳላገለገለ ገልጾ 65 ምክረ ሐሳቦችን አቅርቧል። ከዚያ ከተወለዱት የአካባቢ የአእምሮ ጤና አገልግሎቶች በ2022 መጨረሻ መከፈት ከጀመሩት ስድስት የመጀመሪያዎች አንዱ ለብሪምባንክ ነዋሪዎች ነው፤ ከ26 ዓመት ጀምሮ ላሉ ሰዎች በነፃ፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሠራል። ከ12 እስከ 25 ዓመት ላሉት ሄድስፔስ በሰንሻይን ማእከል አለው። ሥቃይና ስደት አሳልፈው ለመጡ ደግሞ በ1987 የተቋቋመው ፋውንዴሽን ሃውስ ለዚሁ የሠለጠኑ አማካሪዎች አሉት።

አጠገቡ ላለ ሰው

ቤተሰብ ሐኪም እንዲሆን አይጠበቅም። «አይዞህ፣ ያልፋል» ከማለት «ሐኪም ዘንድ አብሬህ ልሂድ?» ማለት ይበልጣል፤ ቀጠሮ መደወል፣ ልጆቹን ለሁለት ሰዓት መያዝ፣ ሳይጠየቁ ወጥ ይዞ መምጣት፣ ለቅሶ ቤት የሚደረገው ሁሉ እዚህም ይሠራል። ስልክ ባያነሣ ደጋግሞ መደወል ነው፤ ዝምታው ብዙ ጊዜ ንቀት ሳይሆን ጉልበት ማጣት ነው።

«ራስህን የማጥፋት ሐሳብ ይመጣብሃል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። ብዙ ታማሚዎች እስኪጠየቁ ድረስ ብቻቸውን ተሸክመውት ይቆያሉ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ብቻውን አለመተው፣ መድኃኒቶችንና አደገኛ ዕቃዎችን ማራቅ፣ አስቸኳይ እርዳታ መጥራት ይገባል።

ለሕይወት በሚያሰጋ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው በአውስትራሊያ ወደ 000 ይደውል። የላይፍላይን የቀውስ መስመር 13 11 14፣ የቢዮንድ ብሉ የምክር መስመር 1300 22 4636 ሲሆኑ፣ ሁለቱም ሃያ አራት ሰዓት ይሠራሉ። እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ሰው በመጀመሪያ ለብሔራዊው የትርጉም አገልግሎት በ131 450 ደውሎ «አማርኛ» ካለ በኋላ፣ ከፈለገው መስመር ጋር እንዲያገናኙት መጠየቅ ይችላል። ከአውስትራሊያ ውጭ የሚኖሩ አንባቢዎች በሚኖሩበት አገር ያለውን የአስቸኳይ ጊዜ ቁጥር ወይም በአቅራቢያቸው ያለውን የጤና ተቋም ይጠይቁ።